አባትየው ደራሲ የሆኑበት ካታሎግ

(ከወሎ ልዩ ልዩ አካባቢዎች ለመጡ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች በደሴ ከተማ የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ ነው፤ ከጥቂት እርማት በቀር እንዳለ ቀርቧል።)

እንደምን አደራችሁ? አሰላሙ አለይኩም?

ኧረ ድምፃችሁ ምነው! ላይብረሪ ውስጥ አይደለንም እኮ። ዛሬ እንኳ ጮክ በሉ። ስንት ዓመት ሰውን ዝም ስናሰኝ እኛው ዝም ብለን ቀረን። እስቲ እንደገና። እንደምን አደራችሁ?

እንደሱ ነው እንጂ። አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ከወልድያ የመጣችሁ ሌሊት ተነስታችሁ ነው የገባችሁት አሉ። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥታችሁ የመጣችሁ፣ ከከሚሴ፣ ከሐይቅ፣ ከኩታበር የመጣችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የደሴ ብርድ ይዟችሁ ከሆነ ከኋላ ቡና እየተፈላ ነው። ሽታው እዚህ ድረስ መጥቷል። ሳልጨርስ ሹልክ የሚል ሰው ግን አያመልጠኝም። ዕድሜዬን በር ላይ ቆሜ ሰው ስጠብቅ የኖርኩ ነኝ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ በዲጂታል ዘመን» ይላል። እንዲህ ዓይነት ርዕስ ሲሰጠኝ እደነግጣለሁ። ብዙ ጊዜ «ዓለም ወደ አንድ መንደር እየተለወጠች ባለችበት በዚህ ወቅት» ተብሎ ይጀመርና ሁላችንንም እንቅልፍ ይወስደናል። እኔ ስለ ዓለም አላወራም። ስለ አንድ የደራሲ ስም፣ ስለ አንድ ዘበኛ እና ስለ አንድ ተማሪ ነው የማወራው። ሦስት ነጥብ ይዣለሁ። ከነጥቡ ከወጣሁ ታገሱኝ። ወሎዬ ነኝ፣ ጨዋታ እወዳለሁ።

ከስልጠና ልነሳ። እዚህ ውስጥ ሰርተፍኬት የሌለው ሰው አለ? እጁን ያውጣ። አያችሁ? ማንም የለም። እኔ ቤት 23 አለኝ። ባለፈው ሰሞን አውጥቼ አልጋ ላይ ዘረጋኋቸውና ራሴን ጠየቅሁ። ከእነዚህ ውስጥ ስልጠናው ባለቀ ማግሥት፣ ሰኞ ጠዋት ዴስክ ላይ ተቀምጬ የሠራሁበት ስንቱ ነው? ሁለት። ከ23ቱ ሁለት!

አንዱን ልንገራችሁ። ስለ ዳታቤዝ አምስት ቀን ሆቴል ውስጥ ሰለጠንን። አሰልጣኙ ጎበዝ ነበር። ሻይ ቡናውማ አይነሳ። ተመልሰን ስንመጣ ግን የሰለጠንበት ሶፍትዌር ኮምፒውተራችን ላይ አልነበረም። ይጫንልን ብለን ጻፍን። ደብዳቤው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞረ። ሲፈቀድ ከሰለጠንነው ሦስታችን ሁለቱ ወደ ሌላ ክፍል ተዛውረው ነበር። እኔም ረስቼዋለሁ። የውሎ አበሉን ግን እስከዛሬ አልረሳሁትም፤ ለልጄ ጫማ ገዝቼበታለሁ።

ትስቃላችሁ፤ ሁላችሁም የምታውቁት ታሪክ ስለሆነ ነው። ስልጠና ስንወስድ ኖርን፣ ሙያችን ላይ ግን ብዙም አልጨመርንም። ጥፋቱ የአለቆች ብቻ ነው? አይደለም። የሚሰለጥነው ዴስክ ላይ የሚቀመጠው ሰው ሳይሆን የስብሰባ ተራ የደረሰው ሰው ሲሆን ዝም ያልነው እኛ ነን። «ላይብረሪማ ምን ሥራ አለው፣ በር መጠበቅ ነው» ሲባል ዝም ያልነውም እኛ ነን። አንዱ ከአለቃው ጋር ተጣልቶ ወደ እኛ ክፍል ሲመደብ፣ ቅጣት መሆኑን እያወቅን ቡና አፍልተን የተቀበልነውም እኛው ነን።

በሉ ወደ መጀመሪያው ነጥቤ። የደራሲው ስም።

ሥራ የጀመርኩት በ1986 ዓ.ም. ነው። የተሰጠኝ አንድ የአማርኛ ታይፕራይተር፣ አንድ ማህተም እና ባዶ ካርድ የሞላበት ካርቶን ነበር። እዚህ ያላችሁ ወጣቶች ካርድ ካታሎግ አይታችሁ ታውቃላችሁ? 7.5 በ12.5 ሳንቲሜትር የሆነች ወፍራም ወረቀት ናት። ከታች መሐሏ ላይ ቀዳዳ አላት። በቀዳዳዋ የብረት ዘንግ ያልፋል፤ ተማሪ ነቅሏት እንዳይሄድ። ለአንድ መጽሐፍ ቢያንስ ሦስት ካርድ እንመታለን። አንዱ በደራሲ፣ አንዱ በርዕስ፣ አንዱ በርዕሰ ጉዳይ። አንዲት ፊደል ከሳትክ ካርዷን ቀደህ እንደ አዲስ ትጀምራለህ።

አለቃዬ ቁጡ ሰው ነበሩ። አፈር ይቅለላቸው። አንድ ቀን የመታሁትን ካርድ አይተው «ይቺ ልጅ ሐዲስ ዓለማየሁን በየትኛው ሀ ነው የምትፈልጋቸው?» አሉኝ። «በሐመሩ ሐ» አልኩ። «ሰውየው ግን በሃሌታው ሀ ቢፈልጋቸውስ?» ዝም አልኩ። «እንግዲያው ለሱም በር ክፈችለት» አሉና ሌላ ካርድ አስመቱኝ። በሃሌታው «ሀዲስ ዓለማየሁ» ይልና ከሥሩ «ሐዲስ ዓለማየሁን ተመልከት» ይላል። የመጽሐፍ ቁጥር የለበትም። አቅጣጫ ብቻ ነው የሚያሳየው። «ተመልከት ካርድ» እንለው ነበር።

ያኔ የከንቱ ድካም መስሎኝ አጉረመረምኩ። አሁን ቁጭ ብዬ አሰብኩት። የሐዲስን የመጀመሪያ ፊደል በስንት ዓይነት መጻፍ ይቻላል? ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። ስድስት። መጨረሻው ስ ወይም ሥ ነው። ሁለት። ስድስት በሁለት አሥራ ሁለት። ዓለማየሁስ? አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ። አራት። መጨረሻው ሁ፣ ሑ፣ ኁ። ሦስት። አራት በሦስት አሥራ ሁለት። አሥራ ሁለት በአሥራ ሁለት ሲባዛ 144። አንድ ደራሲ፣ 144 አጻጻፍ! እርግጥ 144ቱን የሚጽፍ ሰው የለም። ለእኔና ለእናንተ ሁሉም አንድ ሰው ናቸው። ለኮምፒውተር ግን፣ አንድ መሆናቸውን ካልነገርነው፣ 144 የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

ታዲያ ይሄን ማን ይንገረው? ፈረንጅ? ፈረንጅ ሦስት ሀ መኖሩን በምን ያውቃል!

ኮሃን የምትጠቀሙ አላችሁ አይደል? ጥሩ። ለማያውቁት፣ ኮሃ የላይብረሪ ሶፍትዌር ነው፣ በነፃ የሚገኝ። በ1999 እ.ኤ.አ. በኒውዚላንድ ለአንድ ትንሽ አካባቢ ላይብረሪ ተብሎ የተሠራ ነው። አሮጌው ሲስተማቸው 2000 እ.ኤ.አ. ሲገባ ሊበላሽባቸው ሆነ፤ ሌላ ለመግዛት ደግሞ ውድ ነበር። አሠሩና ለዓለም ለቀቁት። ስሙ ራሱ በማኦሪዎች ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው። ይሄ ሶፍትዌር ውስጥ የስሞች መዝገብ የሚባል ክፍል አለ። አንዱን ስም ዋና ታደርጉታላችሁ፤ ሌሎቹን አጻጻፎች 400 በሚባለው መስክ ከሥሩ ትደረድራላችሁ። በሃሌታው የፈለገ ወደ ሐመሩ ይመራል። ምንድን ነው ይሄ? የአለቃዬ «ተመልከት ካርድ» ነው! ያው ራሱ። ካርዱ ነው የተለወጠ እንጂ ሥራው እዚያው ነው ያለው።

መጀመሪያ ቀን ሳየው ብቻዬን ሳቅሁ። «ዘመኑ አልፎብሻል» ሲሉኝ የከረሙት ልጆች ያንን ክፍል ከፍተውት እንኳ አያውቁም። ለምን እንደተቀመጠ አልገባቸውማ። እኔ ደግሞ ማውዙን በቅጡ ሳልይዝ ገብቶኛል። ከዚያ ቀን በኋላ ነው ኮምፒውተር መፍራት የተውኩት።

አሁን ወደ አባትየው። አንድ ቦታ፣ የት እንደሆነ አልናገርም፣ አዲስ ካታሎግ ተሠራ። በጥድፊያ ነው የተሠራው፤ በጀት ሊዘጋ ነበር። ልጆች በኮንትራት ተቀጥረው መጻሕፍቱን አስገቡ። ፎርሙ የቤተሰብ ስም ቀድሞ የራስ ስም ተከትሎ ይሞላ ይላል። ልጆቹም ታዘዙ። እኔ ሄጄ ፍቅር እስከ መቃብርን ፈለግሁ። ደራሲ፦ ዓለማየሁ፣ ሐዲስ። አባትየው ደራሲ ሆነው አረፉት! አባት ቤተሰብ ነው፣ እሺ። እኛ ግን የቤተሰብ ስም የለንም። ሐዲስ ሐዲስ ናቸው። ዓለማየሁ አባታቸው ናቸው፣ ያንን መጽሐፍ አልጻፉም። ፀጋዬ ገብረ መድኅን ጋ ስሄድ የባሰ ሆነ። «መድኅን፣ ፀጋዬ ገብረ» ይላል። ገብረ ብቻውን ተንጠልጥሎ ቀረ።

መፍትሔው ምን ያህል ይመስላችኋል? አንዲት አሃዝ ናት። የደራሲ ስም በሚሞላበት መስክ፣ 100 በሚባለው፣ ፊቱ ላይ ትንሽ ሳጥን አለች። 1 ከሞላችሁ «ይሄ ሰው የቤተሰብ ስም አለው» ማለት ነው። 0 ከሞላችሁ «ይሄ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው» ማለት ነው። የዓለም አቀፉ የካታሎግ ሕግ የኢትዮጵያውያንን ስም በራስ ስም ጀምሩ ይላል። ሕጉ ለእኛ ቦታ ሰጥቶናል፤ ዜሮ መጻፍ ያቃተን እኛ ነን። በሺህ የሚቆጠር መጽሐፍ በአንዲት ዜሮ ጠፋ። መደርደሪያው ላይ አለ፤ የሚያገኘው የለም።

ዓመቱንም ልጨምርላችሁ፣ ቶሎ ነው። ፍቅር እስከ መቃብር የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ሲስተሙ ግን በፈረንጅ ነው የሚቆጥር። 1958 ብላችሁ ዝም ካላችሁ መጽሐፉ ሰባት ስምንት ዓመት አረጀ። 1958 ጽፋችሁ አጠገቡ 1965 ወይም 1966 በሉ። አለቀ። ይሄን ለመማር ሆቴል አያስፈልግም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ። ዘበኛችን።

ሰዎች በስልክ ፎቶ ያነሷቸውን የድሮ ጽሑፎች ለላይብረሪያችን መስጠት ጀምረው ነበር። ጥሩ ነው፣ ይበል። በአንድ ፍላሽ ከ400 በላይ ምስል መጣልን። የፋይሉ ስም ቁጥር ብቻ ነው። የማን መጽሐፍ እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ የቱ ገጽ ከየቱ እንደሚቀድም አይታወቅም። ያመጣውም ልጅ አጎቱ እንደሰጠው እንጂ ሌላ አያውቅም። ከምስሎቹ ብዙዎቹ በዐረብ ፊደል የተጻፉ ነበሩ። የሥራ ባልደረባዬ ሠንጠረዡ ላይ ቋንቋ በሚለው ሥር «ዐረብኛ» ብላ እየሞላች ነበር። እኔም ያለፍኩት ይመስለኛል።

ዘበኛችን ሻይ ሊያቀብሉን ገቡ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ በልጅነታቸው ቂርአት፣ የእስልምናውን ትምህርት፣ የቀሩ። ስክሪኑን ጎንበስ ብለው አዩት። ሻዩን አስቀመጡ። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ አንድ እግሩ በክር የታሰረ ነው። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው ከቀኝ ወደ ግራ ማንበብ ጀመሩ። መንዙማ ነው። በአማርኛ! ጥርት ያለ የእኛው አማርኛ። ባልደረባዬ እጇ ኪቦርዱ ላይ እንደተዘረጋ ቀረ። ሰውየው ዜማውንም ያውቁት ኖሮ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ። እኔ ነኝ «ዝም በሉ» ማለት የነበረብኝ። አላልኩም።

ዐጀሚ ነው። አማርኛ በዐረብ ፊደል ሲጻፍ ዐጀሚ ይባላል። ወሎ ውስጥ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፤ እነ ዳና፣ እነ ጀማ ንጉሥ፣ የወሎ የእስልምና ትምህርት ማዕከሎች፣ የታወቁባቸው መንዙማዎች እንዴት ኖረው እኛ ጋ ደረሱ ብላችሁ ነው? በአፍም በዐጀሚም። እኛ ግን «ዐረብኛ» ብለን ልንቀብረው ነበር። ዐረብኛ ብለን ብናስገባው አማርኛ የሚፈልግ ተመራማሪ አያገኘውም። የዐረብኛ ተመራማሪ ያገኘውና አይገባውም። ቋንቋው አማርኛ፣ ፊደሉ ዐረብ፣ ተብሎ በሁለት መስክ መሞላት አለበት። ለዚህ ደግሞ ስካነር አይበቃም፤ የሚያነብ ሰው ይፈልጋል። የሚያነበው ሰው በር ላይ ነበር የተቀመጠው። ስንት ዓመት አብረን ስንሠራ እኔ ምን እንደሚያውቁ አንድ ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም። ይሄ እስከዛሬ ያሳፍረኛል።

ስለዚህ «ዲጂታይዝ አደረግን» ሲባል እኔ ቶሎ አላጨበጭብም። ምስል ማንሳት የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ምን እንደሆነ መጻፍ ነው ከባዱ።

ይሄን ደግሞ ከማንም በፊት የምናውቀው እኛ ነበርን። እዚህ ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን መጻሕፍት ሰበሰቡ። የእሳቸው የሚባለው ወንጌል በ1280 እ.ኤ.አ. አካባቢ የተጻፈ ነው፣ ዛሬም አለ። ወንጌሉ ውስጥ የወንጌል ቃል ብቻ አይደለም ያለው። ስለ ገዳሙ የተጻፉ ማስታወሻዎችም ተጨምረውበታል። የታሪክ ሰዎች የሐይቅን የድሮ አበምኔቶች ያወቁት ከእነዚያ ማስታወሻዎች ጭምር ነው። አንድ ሰው «ይሄ ነገር ይመዝገብ» ብሎ ብዕር አነሳ። ያ ሰው የእኛ የሙያ አባት ነው ብል ተሳሳትኩ?

ከዚያ በ1973 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ተጀመረ። በሺዎች የሚቆጠሩ ብራናዎች ተነሱ። አንዱ ቅጂ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ገባ። የሐይቁ ወንጌል ቁጥር ተሰጠው፤ ኢኤምኤምኤል 1832። ኢኤምኤምኤል የዚያ የማይክሮፊልም ሥራ ስም በእንግሊዝኛ ሲያጥር ነው። ዛሬ በዓለም ላይ የትም ያለ ተመራማሪ በዚያ ቁጥር ይጠራዋል። ቁጥር ብቻ ግን አይበቃም። ፊልሙን እያዩ እያንዳንዱ ብራና ውስጥ ምን እንዳለ መጻፍ ያስፈልግ ነበር። ከጻፉት ዋነኛው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው።

እሳቸውን ለምን አነሳኋቸው? የላይብረሪ ሰው አልነበሩም እኮ። የቋንቋ ምሁር ነበሩ፣ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ። በ1968 ዓ.ም. የደርግ ወታደሮች በጥይት መቷቸውና ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ቀሩ። በዓመቱ ሚኒሶታ ገቡ፣ ካታሎግ መሥራት ጀመሩ። ዕድሜያቸው ከአርባ በላይ ነው። ሰው አገር፣ አዲስ መሣሪያ፣ አዲስ ሙያ። በ1988 እ.ኤ.አ. አሜሪካኖች የማክአርተር ሽልማት ሰጧቸው። እኔ በሃምሳ ዓመቴ «ኮምፒውተር ዕድሜዬ አይፈቅድም» እል ነበር። ስለ እሳቸው ካነበብኩ በኋላ ያንን ቃል ተውኩት። በነገራችን ላይ የእሳቸውም ስም ያው ነው። ኃይሌ፣ ኀይሌ፣ ሀይሌ፣ ሃይሌ፣ ሐይሌ። «ተመልከት» ካርድ አትርሱላቸው።

ከዚህ ላይ ከነጥቤ ልውጣ። 2014 ዓ.ም.ን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ጦርነቱ እዚህ ሲደርስ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እዚህ ውስጥ ላይብረሪው ያልተጎዳበት ሰው ጥቂት ነው። የፖለቲካውን ነገር ትቼ ስለ ባክአፕ፣ ስለ መጠባበቂያ ቅጂ፣ ብቻ ላውራ። የማውቀው አንድ ቦታ ባክአፕ ነበረው። በየሳምንቱ ይወሰድ ነበር፣ በሥርዓት። ሃርድ ዲስኩ የት ነበር የሚቀመጥ? ሰርቨሩ ራሱ ላይ፣ ልክ እንደ ባርኔጣ! ሰርቨሩ ሲሄድ ባክአፑም አብሮ ሄደ። የተረፈው ምንድን ነው? በእጅ የተጻፈው ወፍራሙ የመጽሐፍ መመዝገቢያ ደብተር። ሽፋኑ ተገንጥሎ ወለል ላይ ተገኘ። ምን መጽሐፍ እንደነበራቸው ያወቁት ከዚያ ነው። ስለዚህ ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ። በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ ይሁን። አንዱ ከከተማው ውጭ ይቀመጥ። የደሴው ወልድያ፣ የወልድያው ኮምቦልቻ ቢቀመጥ ማን ይከለክለናል? እስቲ በቡናው ሰዓት ተነጋገሩበት።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ተማሪው።

ድሮ ተማሪ ወደ እኛ ሲመጣ ጥያቄ ይዞ ነበር። አሁን መልስ ይዞ ነው የሚመጣ። ጥያቄውን ስልኩን ጠይቆ ጨርሷል። መጽሐፉን በቴሌግራም አውርዷል። ወደ እኛ የሚመጣው ወንበር ፈልጎ ነው፤ ደብተሩን ጥሎ ቦታ ይዞ ሻይ ሊጠጣ ይሄዳል። እኛም ደብተር ስንለቅም እንውላለን። እውነት አይደለም?

ባለፈው ዓመት ግን አንድ የመመረቂያ ተማሪ ዴስኩ ጋ መጣ። ስለ ቦርከና ወንዝ ብክለት ነው የሚጽፈው። «እትዬ፣ እነዚህን ጽሑፎች አጣኋቸው» አለኝ። ወረቀት ሰጠኝ፤ 14 ምንጭ ተዘርዝሯል። ደራሲ፣ ዓመት፣ የመጽሔት ስም፣ ቅጽ፣ ገጽ። ጽድት ያለ ነው። አንድ በአንድ ፈለግን። ዘጠኙ ተገኙ። አምስቱ የሉም። መጽሔቱ አለ። ቅጹ አለ። የተባለው ገጽ ላይ ግን ሌላ ሰው ስለ ሌላ ነገር የጻፈው ነው ያለው። ደራሲውም በእውን ያለ ሰው ነው፣ ግን እንዲህ ያለ ነገር ጽፎ አያውቅም።

«ከየት አገኘኸው?» አልኩት። ስልኩን አሳየኝ። ቻትጂፒቲ። «ውሸት ሊሆን ይችላል» ስለው ልጁ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እትዬ፣ እሱ እኮ በርግጠኝነት ነው የነገረኝ!»

አትሳቁበት፤ ቅን ልጅ ነው። ማንም አልነገረውም። ያ መሣሪያ ቃል ከቃል ቀጥሎ የሚመጣውን እየገመተ ነው የሚጽፈው። የምንጭ ዝርዝር ምን እንደሚመስል ጠንቅቆ ያውቃል። የሚመስል ነገር ደግሞ ይሠራል። መኖሩን ማረጋገጥ የማን ሥራ ነው? እዚህች ላይ ነው እኛ የምንፈለገው! ልጁን ወንበር ስቤ አስቀመጥኩት። ብዙ የመጽሔት ጽሑፎች ዲኦአይ የሚባል መለያ ቁጥር አላቸው። ቁጥሩን አስገብተህ ሌላ ጽሑፍ ከወጣ ወይም ምንም ካልወጣ ተጠራጠር። ርዕሱን እንዳለ በጥቅስ ምልክት ውስጥ ፈልገው። የመጽሔቱን ገጽ ክፈትና ማውጫውን እይ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። በማግሥቱ ሦስት ጓደኞቹን ይዞ መጣ። በሳምንቱ ደብተር ለመልቀም ጊዜ አጣሁ።

ከጓደኞቹ አንዷ «የተገኙትም ቢሆኑ ይከፈልባቸዋል» አለችኝ። እዚህ ላይ ነው የምናደደው። ሂናሪ ለጤና ከ2002 ጀምሮ፣ አጎራ ለግብርና ከ2003፣ ኦኤሬ ለአካባቢ ጥበቃ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሉ። በእነሱ በኩል የኢትዮጵያ ተቋማት በውድ የሚሸጡ መጽሔቶችን በነፃ ያነባሉ። መመዝገብና የይለፍ ቃል መያዝ ብቻ ነው። አንድ የማውቀው ተቋም ተመዝግቦ ነበር። የይለፍ ቃሉ በወረቀት ተጽፎ፣ ታትሞ፣ ፖስታ ውስጥ ገብቶ፣ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት ተገኘ። «እንዳይጠፋ» ነው አሉ! ስንት ዓመት ተማሪው «አጣን» ሲል፣ መሳቢያው ውስጥ ተኝቷል። ነገ ሥራ ስትገቡ መጀመሪያ የምትጠይቁት ጥያቄ ይሄ ይሁን። ተመዝግበናል ወይ? ቁልፉ ማን ጋ ነው?

አንዳንዶቻችሁ ታዲያ ኢንተርኔት በሌለበት ምን እናድርግ ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ በየጊዜው እየተቋረጠብን ወራት አሳልፈናል። መብራቱም እንደምታውቁት ነው። ለዚህ ኪዊክስን እዩት። ዊኪፔዲያን በሙሉ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። ከተማ ስትወጡ በፍላሽ ይዛችሁ ተመለሱ። ኮሃም ቢሆን በግቢው ውስጥ መስመር ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ፊደላችንም ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት መዝገብ ውስጥ፣ ስላለ በየኮምፒውተሩ እኩል ይነበባል። ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተየብኩት ዝርዝር ዛሬ ሲከፈት የጠንቋይ ክታብ ነው የሚመስል። እንደዚያ ያለ ፋይል ያላችሁ፣ የድሮ ፎንቱን የሚያውቅ ሰው ሳይጠፋ አሁኑኑ ለውጡት።

በሉ፣ ቡናው ቶና ላይ ሳይደርስ አይቀርም። ልጨርስ።

ሰርተፍኬት አልሰጣችሁም። ሰርተፍኬት የፈለገ ከእኔ 23 ውስጥ ይምረጥ። እዚያ ጥግ ስድስት ላፕቶፕ ተደርድሯል። ኮሃ ተጭኖባቸዋል። ከቡናው በኋላ እያንዳንዳችሁ በላይብረሪያችሁ ያስቸገራችሁን አንድ የደራሲ ስም ይዛችሁ ኑ። አንድ ብቻ። ዋናውን እንመርጣለን፣ ሌሎቹን አጻጻፎች 400 ላይ እንደረድራለን፣ ሳጥኗ ላይ ዜሮ እንጽፋለን። ስንጨርስ በፍላሽ ለሁላችሁም እናካፍላለን፤ የወልድያው የሠራውን የከሚሴው እንዳይደግመው። ስንት ሰው አለን? ስልሳ ምናምን? ስልሳ ስም ይዘን እንወጣለን።

ዘበኛችንንም ጋብዣቸዋለሁ፣ ከኋላ ተቀምጠዋል። እጅዎን ያውጡልኝ እስቲ ጋሼ። አያችኋቸው? ዐጀሚ ያላችሁ፣ በስልካችሁም ፎቶ የያዛችሁ፣ እሳቸው ጋ ቁጭ በሉ። መነጽራቸውን ይዘዋል፤ እግሩን አሠርተንላቸዋል።

የወልድያዎቹ መኪናችሁ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው ብላችኋል። ስለዚህ ላፕቶፑ ላይ ቅድሚያ ለናንተ። ቡናው እዚያ ነው፣ ጀባ በሉ።